አሲክሎቪርና ቫይታሚን ቢ፦ አልማዝ ባለጭራ ለያዛቸው እናት የትኛው ምን ይሠራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የ63 ዓመት እናት ናቸው፤ ስኳር ከያዛቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ሰኞ ማታ ከቀኝ ጡታቸው ሥር እስከ ጀርባቸው ድረስ የሚያቃጥል፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባቸው። ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው «አልማዝ ባለጭራ ነው» ተባሉና አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን፣ ከእርሱም ጋር ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12ን አንድ ላይ የያዘ ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ታዘዘላቸው። ጾም ላይ ስለሆኑ የጠዋቱንና የረፋዱን አሲክሎቪር ይዘሉታል፤ አሁን ደግሞ ኪኒኑ በዝቶ ሆዳቸውን እንዳወከው ይናገራሉ። አንዲት ጎረቤት የእርሳቸውን አልማዝ ባለጭራ ያዳነላቸው «ቀዩ መርፌ» ማለትም የቫይታሚን መርፌ መሆኑን ነግረዋቸዋል። ልጃቸው የሚጠይቁት ሁለቱ መድኃኒቶች ምን እንደሚሠሩና አሲክሎቪሩ ቀርቶ መርፌው ብቻ ቢሆን ይበቃ እንደሆነ ነው።

የሚያስቸኩለውን አስቀድሜ ልመልስ። አሲክሎቪሩ አይቋረጥ፤ 7ቱ ቀን ይሙላ። የቫይታሚን መርፌ፣ ቀይም ሆነ ሌላ ቀለም ያለው፣ ቫይረስን አይገታም፤ ስለዚህ የአሲክሎቪርን ቦታ ሊይዝ አይችልም። ይህን ስል ግን ቫይታሚኑ ለእናትዎ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል እጠረጥራለሁ፤ የምጠረጥረው ግን በአልማዝ ባለጭራው ሳይሆን ለዓመታት በወሰዱት ሜትፎርሚን ምክንያት ነው። ሁለቱን ምክንያቶች ለይቶ ማየት ስለሚጠቅም ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የሚባል ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ከሰሞኑ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ቺክን ፖክስ የሚባለውንና በየሰፈሩ ከኩፍኝ ጋር የሚምታታውን ሽፍታ ካስከተለ በኋላ፣ ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ በተደረደሩት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ነው። የሰውነት መከላከያ በዕድሜ፣ በካንሰር ሕክምና፣ በኤችአይቪ ወይም በሌላ ምክንያት ሲደክም ይነቃና አንዱን ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ሽፍታው በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣው፣ ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ፊት እንደ ጭራ የሚሳበውና የሰውነትን መካከለኛ መስመር የማይሻገረው ለዚህ ነው፤ «ነፍሳት ሄዶባቸው ነው» የሚለው ግምትም በዚሁ ይወድቃል። የእናትዎ ዕድሜ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ሆኖም በአገራችን አልማዝ ባለጭራ ለወጣበት ሰው የኤችአይቪ ምርመራ መጠየቅ የተለመደና ተገቢ አሠራር ስለሆነ፣ ምርመራ ቢጠየቁ እንደ ስድብ ባይቆጥሩት መልካም ነው።

አሲክሎቪር ቡሮውስ ዌልካም በተባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ መድኃኒት ነው፤ የምርምር ቡድኑ መሪ ገርትሩድ ኤልዮንም በ1988 እ.ኤ.አ. ከጆርጅ ሂቺንግስና ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተጋርተዋል። አሠራሩን እኔ ሁልጊዜ በሸማኔ እመስለዋለሁ። ቫይረሱ ለመባዛት የራሱን ዲኤንኤ መገልበጥ አለበት፤ ለዚህም ከሕዋሳችን ውስጥ አራት ዓይነት ክሮችን እየሳበ አንዱን በአንዱ ጫፍ ላይ ይቀጥላል። ከአራቱ አንዱ ጓኖሲን የሚባለው ነው። አሲክሎቪር ጓኖሲንን ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ክር የሚቋጠርበት ጫፍ የለውም። የቫይረሱ ኢንዛይም ሳይለየው አንሥቶ ከቀጠለው ድሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

የመድኃኒቱ ብልኀት ግን ከዚህ ይልቅ በሌላ ነገር ላይ ነው። የሚዋጠው አሲክሎቪር እንዳለ ሥራ አይሠራም፤ መጀመሪያ ፎስፌት የሚባሉ ሦስት ቅንጣቶች በተራ ሊጨመሩበት ይገባል። ያን የመጀመሪያ ፎስፌት የሚጨምርለት በዋናነት ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለው የቫይረሱ ኢንዛይም ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን የእኛ ሕዋስ ይጨምርለታል። ስለዚህ መድኃኒቱ በገፍ የሚነቃው ቫይረሱ ባለበት ሕዋስ ውስጥ እንጂ በጤነኛው ውስጥ አይደለም። ብዙ ሰው ሳይቸገር የሚወስደውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚሁ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፤ ሁለቱም እናትዎን ይመለከታሉ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ የሚገታው በመባዛት ላይ ያለውን ቫይረስ ስለሆነ፣ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚጠቅመው፤ ሰኞ ማታ ወጥቶ ረቡዕ ጠዋት መጀመሩ በጣም ጥሩ ነበር። ሁለተኛ፣ በነርቭ ሥር አንቀላፍቶ የቀረውን ቫይረስ አይነካውም፤ ስለዚህ «ከሰውነቴ ጠራርጎ ያወጣልኛል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። የሚያደርገው አዲስ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ እንዳይወጣ፣ የወጣው ቶሎ እንዲደርቅና የሰሞኑ ሕመም እንዲያጥር ማገዝ ነው።

አሁን ወደ አወሳሰዱ ልግባ፤ ከበሽታው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከተዋጠው አሲክሎቪር ወደ ደም የሚገባው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የገባውም ኩላሊቱ ደህና በሆነ ሰው በ3 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በቀን 5 ጊዜ የሚያስወስደው ይህ ነው እንጂ የሐኪሙ ጭካኔ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓትና ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ብለው ቢከፍሉት በየ4 ሰዓቱ ይሆናል፤ ሌሊቱንም ያለ ኪኒን ያርፋሉ። እናትዎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሲዘሉ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ማግስቱ 8 ሰዓት ድረስ 16 ሰዓት ያለ መድኃኒት ይቆያሉ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቫይረሱ ሥራውን ይቀጥላል። የዘለሉትን ለማካካስ በአንድ ጊዜ እጥፍ መዋጥ አይገባም፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቱን ማስተካከል ይበቃል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ እስከማውቀው ድረስ ለታመመ ሰው መድኃኒት በውሃ መዋጥን የሚከለክል አባት አላጋጠመኝም። ምግብ የአሲክሎቪርን አገባብ ስለማይለውጠው፣ ሆዳቸውን የሚያውካቸው በባዶ ሆድ ሲሆን ከሆነ ከትንሽ እንጀራ ወይም ከአጥሚት ጋር ቢወስዱት ጉዳት የለውም።

ኪኒኑንም ይቁጠሩልኝ። በየፋርማሲው የሚገኘው አሲክሎቪር ብዙውን ጊዜ ባለ 200 ወይም ባለ 400 ሚሊግራም ነው። 800 ለመሙላት ከባለ 400ው በአንድ ጊዜ 2፣ ከባለ 200ው 4 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ለ7 ቀን በጠቅላላው 70 ወይም 140 ፍሬ ይሆናል ማለት ነው። እኔ በምሠራበት የፋርማሲ መስኮት ላይ ባለ 200 ሚሊግራም 25 ፍሬ ይዛ «ጨርሼዋለሁ፣ ግን አልተሻለኝም» ያለች ሴት አስታውሳለሁ። 200 ሚሊግራም 5 ጊዜ ለ5 ቀን በአፍና በብልት አካባቢ ለሚወጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚታዘዝ መጠን ነው፤ ቫሪሴላ ዞስተር ደግሞ ለመድኃኒቱ እንደ ሲምፕሌክሱ በቀላሉ የማይሸነፍ ስለሆነ ያ መጠን አይበቃውም። «ኪኒኑ በዛብኝ» ማለታቸው እውነት ነው፤ ብዛቱ ግን በስሕተት የመጣ አይደለም። ቫላሲክሎቪር የተባለው ወንድሙ በአንጀት በኩል በእጅጉ ስለሚገባ 1000 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይበቃል፤ ከተገኘና ዋጋውን ከቻላችሁት ያዘዘላቸውን ባለሙያ ጠይቆ መለወጥ ይቻላል። የሚቀባው የአሲክሎቪር ክሬም ግን ለአልማዝ ባለጭራ የሚረባ አይደለምና ገንዘብዎን አያውጡበት።

በነገራችን ላይ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ «ሄርፒስ» የሚለውን አንብበው የሚደነግጡ፣ እናታቸውን በክፉ የሚጠረጥሩም አሉ። አልማዝ ባለጭራ በሕክምና ስሙ ሄርፒስ ዞስተር ይባላል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሌላ ቫይረስ ነው፤ ቤተሰባቸው አንድ ቢሆንም አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም።

ከመድኃኒቱ ጉዳት ውስጥ ለእናትዎ የምፈራው የኩላሊቱን ነው። አሲክሎቪር ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ 11 ዓመት ስኳር የኖረበት ኩላሊት ደግሞ ሳይታወቅ ደክሞ ሊሆን ይችላል። መውጫው ሲጠብ መድኃኒቱ በደም ይጠራቀምና በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ግራ ያጋባል፤ የሌለ ነገር ያያሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ጭንቅላታቸው የተነካ ወይም መንፈስ የያዛቸው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ባይታይም ክሬአቲኒን የሚባለው፣ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ ይሠራላቸው፤ ኩላሊቱ በእጅጉ ደክሞ ከተገኘ እያንዳንዱ 800 ሚሊግራም እንደ ደረጃው በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ይደረጋል። ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ ውሃ በጎደለበት ሰውነት መድኃኒቱ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝተው የሚሰጧቸው ከሆነ ያንን ይተዉ፤ ሁለቱም ኩላሊቱን ይጫኑታል። ፓራሲታሞል ካልበቃቸው ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ወይም ጋባፔንቲን ሊጨምርላቸው ይችላል፤ የነርቭ ሕመም ከተራ ማስታገሻ ይልቅ ለእነዚህ ይሸነፋል።

ወደ ቫይታሚኑ ስንመጣ ነገሩ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። አሲክሎቪር ለሰውነት ባዕድ ነው፤ ገብቶ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። ቫይታሚን ግን ሰውነት ራሱ የሚሠራበት ዕቃ ነው፤ ሲጎድል መተካቱ ድንቅ ይሠራል፣ ሳይጎድል መጨመሩ ግን እምብዛም አይፈይድም። በዚያ ኪኒን ውስጥ ካሉት ሦስቱ ቢዎች ቢ1 ነርቭ ስኳርን ለኃይል እንዲጠቀምበት ያግዛል፤ ቢ6 ነርቮች የሚነጋገሩባቸውን ኬሚካሎች በመሥራት ይሳተፋል፤ ቢ12 ደግሞ በነርቭ ላይ የተጠቀለለው ሽፋን እንዳይላጥና የደም ሕዋሳት በትክክል እንዲበስሉ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ለአልማዝ ባለጭራ የሚያዝዟቸው «የተጎዳውን ነርቭ ይጠግናሉ» በሚል ተስፋ ነው። ቢ12 በመርፌ ሲሰጥ ሕመሙን ያቀላል የሚሉ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን መደበኛ ሕክምና ተብሎ ሁሉም እንዲወስደው የሚያደርስ ማስረጃ ገና አልሆነም። ስለዚህ ሲታዘዝ ባየው አልቃወምም፤ አሲክሎቪሩን ሲያስጥል ሳይ ግን እቃወማለሁ።

ጎረቤትዎ ዋሽተዋል አልልም። አልማዝ ባለጭራ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፍታው በራሱ ይደርቃል፤ በዚያ መካከል የተወጋ መርፌ፣ የተቀባ ቅጠልም ሆነ የተረጨ ጠበል ምስጋናውን ይወስዳል። የመርፌው መቅላትም ለዝናው ሳያግዘው አልቀረም። ቢ12 በሞለኪዩሉ መካከል ኮባልት የተባለ ብረት ስላለበት በተፈጥሮው ቀይ ነው፤ በብልቃጡ ውስጥ ሲታይ «ደም ይሆናል» ማሰኘቱ አይገርምም።

የእናትዎ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ነው፤ ጤፍም ሆነ ሽሮ፣ ምስርም ሆነ ጎመን አይሰጡትም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም፣ ማለትም ለዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው፤ ጉበታችንም ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ ጾሙ ብቻውን ሰውን ቶሎ አይጎዳም። የሚያስቸግረው መግቢያው ሲዘጋ ነው። ጨጓራ ኢንትሪንሲክ ፋክተር የሚባል አጓጓዥ ያመነጫል፤ ቢ12 ከእርሱ ጋር ተጣብቆ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ይገባል። ይህ አጓጓዥ በአንድ ማዕድ ከ2 ማይክሮግራም እምብዛም የማይበልጥ ነው የሚያሳልፈው። በ1926 እ.ኤ.አ. ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አጓጓዡ የጎደላቸውንና በደም ማነስ የሚሞቱ ሕመምተኞችን በየቀኑ ብዙ ጉበት በማብላት ማዳን እንደሚቻል ያሳወቁት፣ በ1934 ከሌላው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከዊፕል ጋር ኖቤል ያሸለማቸውም ይኸው ምስጢር ነበር፤ ዱለት ወዳጅ ለሆነ አገር ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ያ ሕመም ላለበት ሰው ግን አንድ ሰሃን ዱለት አይበቃም ማለት ነው።

ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ በዚያ አንጀት በኩል የሚገባውን ቢ12 ይቀንሳል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። 11 ዓመት ሜትፎርሚን፣ ከዚያ ላይ ረጅም አጽዋማት፣ ከዚያ ላይ 63 ዓመት ሲደራረቡ የቢ12 እጥረት መጠርጠር ተገቢ ነው። እግራቸውን ጨርቅ እንደረገጡ ይሰማቸው እንደሆነ፣ ጣታቸውን ይነዝራቸው እንደሆነ፣ ምላሳቸው ለስልሶ ይቀላ እንደሆነ፣ በጨለማ ሲሄዱ ይንገዳገዱ እንደሆነ ይጠይቋቸው። የስኳር ሐኪሞች እግር መደንዘዝን ሁሉ በስኳሩ ያሳብባሉ፤ አንዳንዴ ግን ጥፋተኛው ቢ12 ማጣት ነው፤ ያ ደግሞ ቶሎ ከተደረሰበት የሚመለስ ነው። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ሌላ የቢ ቫይታሚን ብቻውን ወስዶ ዝም ማለት እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ የደም ማነሱን ያስተካክልና ነርቩ ግን መበላሸቱን ይቀጥላል።

እጥረት ካለ መርፌ ግዴታ ነው ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። ከተዋጠው ቢ12 አንድ በመቶ ያህሉ ያለ አጓጓዥ በራሱ ሾልኮ ይገባል፤ ስለዚህ በቀን 1000 ማይክሮግራም የሚዋጥ ኪኒን 10 ማይክሮግራም ያህል ያስገባል፤ ይህም ከበቂ በላይ ነው። መርፌ የሚመረጠው የነርቭ ምልክት ሲኖር፣ እጥረቱ ሲከፋ ወይም መዋጥ ሲያስቸግር ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ሦስቱን ቢዎች የያዙት ኪኒኖች ብዙዎቹ ቢ6ን በ100 ወይም በ200 ሚሊግራም ይይዛሉ፤ ሰውነት በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ለአንድ ወር ቢሆን ብዙ አያሳስበኝም። ነገር ግን ሕመሙ አልለቅ ሲል ሰዎች «ቫይታሚን ነው፣ ምን ይጎዳል» እያሉ ለዓመት ያራዝሙታል፤ ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የነርቭ መደንዘዝን ያመጣል። ለነርቭ ተብሎ የተጀመረ መድኃኒት ነርቭን ሲያደነዝዝ ማየት ያሳዝናል፤ መጠኑን ከጥቅሉ ጀርባ ያንብቡና ወሩ ሲያበቃ ያቁሙት። እጥረት ከተገኘ ቢ12ን ብቻውን መቀጠል ይሻላል።

ሽፍታው እስኪደርቅና ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ በጨርቅ ይሸፈን፤ ቺክን ፖክስ ይዟት የማያውቅ እርጉዝ ሴትና ጨቅላ ሕፃን ፈሳሹን እንዳይነኩ ይራቁ። ሽፍታ በግንባር፣ በዓይን ዙሪያ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ስለሚያሰጋ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ሕመሙ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ዳግመኛ አሲክሎቪር መግዛት ሳይሆን ለነርቭ ሕመሙ ሐኪም ማየት ነው የሚያዋጣው።

ለነገ የማዝዘው አንድ ነው። እናትዎን ወደ ጤና ጣቢያው ይመልሷቸው፤ ክሬአቲኒንና የቢ12 መጠን እንዲታይላቸው ይጠይቁ። የቢ12 ምርመራ ጤና ጣቢያው ላይ ካልተገኘ ደሙ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል። ሐኪሙ መርፌውን ሊወጋቸው ከወሰነ ደግሞ ደሙ ከመርፌው በፊት ይቀዳ፤ የታዘዘላቸውን ባለ ሦስት ቢ ኪኒን መዋጥ መጀመራቸውንም ይንገሩት፤ ቫይታሚኑ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ የምርመራው ቁጥር ከፍ ስለሚል፣ ቀድሞ ጎድሎ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ማወቅ ያስቸግራል።